ፈጥነው የሚለቁ አዳዲስ የደም ሥር ማስተኛ መድኃኒቶች አሰጣጥ፤ በወሎ ለሚሠሩ የሰመመን ባለሙያዎች

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በመካነ ሰላምና በሌሎች የወሎ ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ለሚሠሩ፣ የመተንፈሻ መንገድ መክፈትና ትንፋሽ መርዳት በሥልጠና ለተማሩ የሰመመን ባለሙያዎች ነው። የሚናገረውም በዋናነት ስለ ሬሚማዞላም ሲሆን፣ ዴክስሜዴቶሚዲንን በመጠኑ፣ ሲፕሮፎልንና ፎስፕሮፖፎልን ደግሞ በአጭሩ ያነሣል። የአንድ መድኃኒት ከደም ቶሎ መጥፋት መድኃኒቱን በምን ፍጥነት እንደምንሰጥ፣ በአንዱና በሌላው መጠን መካከል ምን ያህል እንደምንጠብቅ፣ ታካሚውም መቼ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ በራሱ አይወስንልንም። እነዚህን ሦስት ነገሮች የሚወስነው ባለሙያው ነውና የሚከተለው ሁሉ በእነርሱ ዙሪያ የተጻፈ ነው።

ሁላችንም የተማርነው በኬታሚን፣ በዳያዜፓም፣ በሚዳዞላምና በፕሮፖፎል ነው። ዳያዜፓም በሰውነት ውስጥ ለቀናት የሚቆይ በመሆኑ ለአጭር ምርመራ አይመችም። ሚዳዞላም ይሻላል፤ ሆኖም በጉበት ውስጥ የሚፈርሰው ሳይቶክሮም በሚባሉት ኢንዛይሞች ስለሆነና ከመፍረሱም የሚወጣው ውጤት የማስተኛት ኃይል ስላለው፣ በሽማግሌዎችና በኩላሊት ሕሙማን ላይ ከታሰበው በላይ ይቆያል። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት ወይም ኤሪትሮማይሲን በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የሚዳዞላም ኃይል ጎልቶ ይጨምራል። ፕሮፖፎል ቶሎ ይለቃል፤ ነገር ግን ማርከሻ የለውም፣ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ትንፋሽንም በድንገት ሊያቆም ይችላል።

ሬሚማዞላም የሚዳዞላም ወገን ሆኖ ሳለ በቅርጹ ላይ ኤስተር የሚባል በቀላሉ የሚበጠስ ማያያዣ ተጨምሮበታል። ይህን ማያያዣ በአብዛኛው በጉበት ውስጥ የሚገኘው ካርቦክሲልኤስተሬዝ 1 የተባለው ኢንዛይም ይበጥሰዋል፤ የሚቀረውም ነገር የማስተኛት ኃይል የሌለው ነው ለማለት ይቻላል። የሳይቶክሮም ኢንዛይሞች ስለማይነኩት ከላይ የተጠቀሱት የኤችአይቪ መድኃኒቶች አያውኩትም። በጃፓን በጥር 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሙሉ ሰመመን፣ በአሜሪካ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ከ30 ደቂቃ ለማይበልጡ ምርመራዎችና ሕክምናዎች፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2021 ተፈቅዷል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ፍሉማዜኒል የሚባል ማርከሻ ያለው መሆኑ ነው፤ ፍሉማዜኒል በክፍሉ ውስጥ ከሌለ ይህ ጥቅም የለም፤ ስለዚህ ሬሚማዞላም ሲጠየቅ ፍሉማዜኒልም አብሮ መጠየቅ አለበት።

ለየትኛው ሥራ፣ የትኛው መድኃኒት

መድኃኒቱ ከመመረጡ በፊት ሥራው ያማል ወይስ አያምም የሚለው ይጠየቅ። ሬሚማዞላም ሕመም አያስታግስም። ለጨጓራ ኢንዶስኮፒ፣ ለኮሎኖስኮፒ፣ ለብሮንኮስኮፒ፣ እንዲሁም በአካባቢ ማደንዘዣ ለሚሠሩ ትናንሽ ቀዶ ሕክምናዎች ተስማሚ ነው። ለስብራት ማስተካከልና ለቃጠሎ ቁስል ማጠብ ግን ለብቻው ከተሰጠ ታካሚው ተኝቶ ሳለ ይወራጫል፤ ባለሙያውም መወራጨቱን እንቅልፍ እንዳልበቃው ቆጥሮ መጠን ይጨምራል፤ ትንፋሹም በዚሁ ይቆማል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ኬታሚን አሁንም የሚመረጥ ነው። ደም ፈስሶት ከገጠር ለመጣ ተጎጂም እንዲሁ። አዲስ መድኃኒት መጣ ተብሎ ኬታሚንን ከመደርደሪያ ማውረድን እኔ አልደግፍም።

ዴክስሜዴቶሚዲን ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይጠራ እንጂ በእውነቱ ፈጥኖ የሚይዝም ፈጥኖ የሚለቅም አይደለም። ጥሩው ጠባዩ ትንፋሽን እምብዛም አለመንካቱና ታካሚው ሲጠሩት ነቅቶ መልስ መስጠቱ ነው። በመሆኑም ጊዜ ላለው ሥራ፣ ለምሳሌ አስቸጋሪ የመተንፈሻ መንገድ ያለውን ሰው ነቅቶ ሳለ ቱቦ ለማስገባት ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለማረጋጋት ይጠቅማል፤ ተራ ለሚጠብቁ የኢንዶስኮፒ ታካሚዎች ግን አይመችም።

ሲፕሮፎል በቻይና የተሠራ የፕሮፖፎል ዘመድ ሲሆን፣ ሲወጋ የሚያቃጥለው ከፕሮፖፎል በጣም ያነሰ ነው። ጉልበቱ ግን ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ ለሙሉ ሰመመን ማስጀመሪያ የተለመደው መጠን በኪሎ 0.4 ሚሊ ግራም ነው። ሁለቱም እንደ ወተት የነጡ በመሆናቸው ሲሪንጁ ላይ ስሙ ሳይጻፍ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለበትም። ፎስፕሮፖፎል በውኃ የሚሟሟ ሆኖ በሰውነት ውስጥ ወደ ፕሮፖፎል የሚለወጥ ነው፤ ለመያዝ ደቂቃዎችን ይወስዳል፣ በብልት አካባቢም የመንዘርና የማሳከክ ስሜት ያመጣል። በአሜሪካ በ2008 ተፈቅዶ ነበር፤ በኋላ ግን ከገበያ ወጥቷል። ለሥራችን ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግም።

የከፍታው ጉዳይ

የመድኃኒቶቹ መመሪያዎች በአብዛኛው ባሕር ጠለል አካባቢ ያለን ሆስፒታል በልባቸው ይዘው የተጻፉ ናቸው፤ ደሴ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በ2,500 ሜትር ገደማ የአየሩ ግፊት ወደ 560 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። ታካሚው ወደ ውስጥ የሚስበው ኦክስጅን ግፊትም በባሕር ጠለል ከሚሆነው 150 ገደማ ተነሥቶ 108 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን የተኛ ሰው ትንፋሹ ጥቂት እንኳ ሲቀንስ በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ቶሎ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ቆቦ ደግሞ ከዚያም ትወርዳለች። ከቆላው ወጥቶ ደሴ የተኛ ታካሚና የደሴ ተወላጅ አንድ ዓይነት መነሻ ላይኖራቸው ስለሚችል፣ ማስተኛው ከመሰጠቱ በፊት ያለ ኦክስጅን በፐልስ ኦክሲሜትር የታየው ቁጥር በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት። በኋላ ታካሚው ወደ ራሱ ተመልሷል የሚባለው ከዚህ መነሻ ጋር ሲተያይ ነው።

ኦክስጅን ለሁሉም ይሰጥ። ነገር ግን ኦክስጅን የሚያመጣው ሌላ ችግር አለ፤ በአፍንጫ ቱቦ ኦክስጅን የሚያገኝ ሰው መተንፈስ ቢያቆም እንኳ ፐልስ ኦክሲሜትሩ ለጊዜው 97 እና 98 እያሳየ ሊቆይ ይችላል፤ ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ግን ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ትንፋሹን መከታተል ይገባል። ካፕኖግራፍ፣ ማለትም በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው መሣሪያ፣ ካለ ከመጀመሪያው መጠን በፊት ይገጠም። ከሌለ አንድ ባለሙያ እጁን በታካሚው አፍና አፍንጫ አጠገብ አድርጎ፣ የደረቱን መነሣት እያየ፣ በስቴቶስኮፕም ጉሮሮ ላይ እያዳመጠ ይቆይ። ይህ ሰው ኢንዶስኮፒውን የሚሠራው ወይም ዕቃ የሚያቀብለው መሆን የለበትም፤ ሥራው ታካሚውን መጠበቅ ብቻ ነው።

ታካሚውን መጠየቅና መመርመር

የተለመደው ምርመራ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ በእኛ አገር ተለይተው መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ምግብ ከበላ ስድስት ሰዓት፣ ውኃ ከጠጣ ሁለት ሰዓት ማለፉ ይረጋገጥ፤ በረመዳንና በዐቢይ ጾም ግን ጥያቄው መገልበጥ አለበት። የጾመ ሰው ሆዱ ባዶ መሆኑ መልካም ቢሆንም፣ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ ሳይቀምስ፣ ከደላንታ ወይም ከወግዲ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ ከቀትር በኋላ ተራው የደረሰው ታካሚ ፈሳሽ ጎድሎታል፤ ማስተኛ ሲሰጠውም የደም ግፊቱ ይወርዳል። ለእንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ፈሳሽ መስጠት ያሻል። የሚሰጠው ፈሳሽ ዓይነትም ለሬሚማዞላም ወሳኝ ስለሆነ ከዚህ በታች ተመልሼ አነሣዋለሁ።

ስለ ጫት በግልጽ መጠየቅ ይገባል፤ ከቤተሰብ ፊት ካፈረ ብቻውን ይጠየቅ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚያነሣ ነውና፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደቃመ ሳይታወቅ በሞኒተሩ ላይ የሚታየውን ፈጣን ምት ፍርሃት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በዚያው ቀን ለቃመና ሥራው ለማይቸኩለው ሰው ቀጠሮ መለወጥ የተሻለ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የእንቅልፍ ኪኒን፣ አረቄ አዘውታሪነትም ይመዝገቡ፤ ዳያዜፓምን ወይም ክሎናዜፓምን ዘወትር የሚወስድ ሰው ፍሉማዜኒል ቢሰጠው መንቀጥቀጥ ሊነሣበት ይችላልና።

የጉበት በሽታ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ሬሚማዞላምን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ያለው በጉበት ውስጥ ስለሆነ፣ ሆዱ ውኃ በቋጠረና ዓይኑ ቢጫ በሆነ ታካሚ ላይ መድኃኒቱ ይቆያል፤ መጠኑ በጥቂቱ እየተመዘነ መሰጠት አለበት። ደም ያስመለሰው ሰው ለኢንዶስኮፒ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ወገን ነውና፣ ፈጥኖ ይለቃል ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ደም በብዛት እያስመለሰ ከሆነም በማስተኛ ሳይሆን በሙሉ ሰመመንና በቱቦ ይሠራ። በሬሚማዞላም ዱቄት ውስጥ ዴክስትራን 40 የሚባል ማጋዥ ንጥረ ነገር ስላለ፣ ከዚህ በፊት ለዴክስትራን ብርቱ አለርጂ ያሳየ ሰው አይሰጠውም።

ከሁሉም በኋላ ለታካሚው ምን እንደሚሆን በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። «እትዬ፣ አብሽሩ፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል፣ ስጠራዎት ግን ይሰሙኛል፤ እኔም ከአጠገብዎ አልለይም» ማለት ፍርሃትን ይቀንሳል፤ ፍርሃቱ የቀነሰለት ሰውም የሚያስፈልገው መድኃኒት ያንሳል። ታካሚዋ አማርኛ የማይቀልላት ከሆነ፣ በኦሮምኛ ወይም በአፋርኛ ሊያናግራት የሚችል ሰው እንቅልፍ እስኪይዛት ድረስ አብሯት ይቁም። እንቅልፉ ምን ያህል እንደጠለቀ የምንለካው ጠርተን በምናገኘው መልስ ነውና፣ መልሱ በሚገባት ቋንቋ መጠራት አለባት።

ዝግጅት

ከመድኃኒቱ በፊት የሚዘጋጁት ኦክስጅን፣ በትክክለኛ መጠን ማስክ ያለው አምቡ ባግ፣ የሚሠራ ሳክሽን፣ የመተንፈሻ ቱቦና ላሪንጎስኮፕ፣ አትሮፒን፣ ኢፌድሪን ወይም አድሬናሊን፣ ፍሉማዜኒልና የኃይለኛ ሕመም ማስታገሻዎች ማርከሻ የሆነው ናሎክሶን ናቸው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሳክሽኑ በእግር የሚሠራ ተጠባባቂ ቢኖረው፣ የኦክስጅን ማምረቻ ማሽን የሚጠቀም ክፍልም ሙሉ ሲሊንደር አጠገቡ ቢያቆም ይበጃል።

ሬሚማዞላም የሚመጣው በዱቄት መልክ ነው። የ20 ሚሊ ግራሙ ብልቃጥ በ8.2 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ሲበጠበጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 2.5 ሚሊ ግራም ይኖረዋል። ሳላይኑ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ፤ ከዚያም ብልቃጡ በቀስታ ይዙር እንጂ አይናጥ። የተበጠበጠው ከስምንት ሰዓት በላይ አይቀመጥም፤ አንዱ ብልቃጥ ለአንድ ታካሚ ብቻ ነው። ለሁለት ሰው ማካፈል ቁጠባ ይመስላል፤ ኢንፌክሽን የሚተላለፍበት መንገድም ነው። ከሌላ አገር የመጣ ብልቃጥ የ50 ሚሊ ግራም ሊሆን ይችላል፤ የቻይናው ደግሞ መድኃኒቱ የተያዘበት የጨው ዓይነትም መጠኑም የተለየ ነው። በመሆኑም ስሌቱ ሁልጊዜ ከፊት ለፊት ካለው ብልቃጥ ጽሑፍ ይነሣ። በችኮላ ሲነበብ ሬሚፈንታኒል ከሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ጋር ስሙ ይመሳሰላልና፣ ሁለተኛ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው።

ፈሳሹን በተመለከተ፣ ሬሚማዞላም ከሪንገር ላክቴት ጋር ሲገናኝ ሊረጋና ቱቦውን ሊዘጋ ይችላል። በየክፍላችን አስቀድሞ የሚሰቀለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሪንገር ላክቴት ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት ጾመኛ ታካሚ ሲመጣ ከነተሰቀለለት ይመጣል። ስለዚህ ወይ ፈሳሹ ወደ ኖርማል ሳላይን ይቀየር፣ ወይ ሌላ ካኑላ ይተከል። ከሌላ መድኃኒት ጋርም በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም።

አሰጣጥ

ለጤናማ ጎልማሳ የመጀመሪያው መጠን 5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ካስፈለገ 2.5 ሚሊ ግራም በ15 ሰከንድ ይጨመራል፤ በሁለቱ መጠኖች መካከል ግን ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ማለፍ አለበት። ብርቱ ሌላ በሽታ ላለበት ሰው የመጀመሪያው ከ2.5 እስከ 5፣ የሚጨመረው ደግሞ ከ1.25 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። እነዚህ ሁሉ የጎልማሳ መጠኖች ናቸው፤ ለሕፃናት አይሠሩም።

በጣም የሚበዛው ስሕተት የሚፈጸመው በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ከፍተኛ ኃይሉ ላይ የሚደርሰው ከተሰጠ ከሦስት ደቂቃ በኋላ ገደማ ነው። ሐኪሙ ኢንዶስኮፑን ይዞ ቆሞ፣ ከውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ድምፅ እየተሰማ፣ ታካሚው ገና ዓይኑን ሲያንከራትት አንድ ደቂቃ እንኳ ረጅም ይመስላል። ሰዓት በግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ እያንዳንዱ መጠን የተሰጠበት ደቂቃም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይያዝ። ዕድሜያቸው ለገፋ ታካሚዎች እኔ ሁለቱን ደቂቃ ሦስት እንዲሆን እመክራለሁ፤ ደማቸው ቀስ ብሎ ስለሚዘዋወር መድኃኒቱ ዘግይቶ ይደርሳልና።

ከኦፒዮይዶች፣ ማለትም ከኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች ወገን ፈንታኒል ወይም ፔቲዲን አብሮ የሚሰጥ ከሆነ እርሱ ይቅደም፤ ኃይሉ እስኪታይ ከተጠበቀ በኋላ ሬሚማዞላም በዝቅተኛው መጠን ይጀመር። ለፈንታኒል ከ50 ማይክሮ ግራም ባይታለፍ፣ ለሽማግሌዎችም በግማሽ ቢሆን ይመረጣል። ማስተኛና ኦፒዮይድ አንድ ላይ ሲሆኑ ትንፋሽን የሚያዳክሙት ለየብቻ ከሚያደርጉት ድምር በላይ ነው። ታካሚው ሲጠራ ዓይኑን ከገለጠ ወይም ትከሻው ሲነካ መልስ ከሰጠ እንቅልፉ በቂ ነው። ሥራው ይህን ያህል እንቅልፍ የማይበቃው ከሆነ ሙሉ ሰመመን ነው የሚያስፈልገው፤ እርሱም በቀዶ ሕክምና ክፍል ይሰጥ።

ለዴክስሜዴቶሚዲን 200 ማይክሮ ግራም ያለበት የ2 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ከ48 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጋር ሲቀላቀል በሚሊ ሊትር 4 ማይክሮ ግራም ይሆናል። መነሻው በኪሎ 1 ማይክሮ ግራም በ10 ደቂቃ ነው፤ ለ50 ኪሎ ሰው 12.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ማስቀጠያው በሰዓት በኪሎ ከ0.2 እስከ 0.7 ማይክሮ ግራም፣ ለዚሁ ሰው በሰዓት ከ2.5 እስከ 8.75 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት መነሻው በግማሽ ይቀነስ። በፍጥነት ከተገፋ ግፊትን ሰቅሎ ምትን ያወርዳል፤ ስለዚህ ሲሪንጅ ፓምፕ ከሌለ ይህን መድኃኒት ባይጀምሩት ይሻላል። ምቱ ከመነሻው ዝቅ ያለ ሰውና የልብ የኤሌክትሪክ መተላለፊያ መዘጋት ያለበት ሰው አይሰጠው።

ችግር ሲመጣ

ትንፋሽ ከቀነሰ ወይም ከቆመ የመጀመሪያው እርምጃ ፍሉማዜኒል መፈለግ አይደለም። መድኃኒቱ ይቁም፣ ታካሚው በስሙ ይጠራና ይነካ፣ አገጩ ወደ ፊት ይሳብ፣ ካልተነፈሰም በአምቡ ባግ ይረዳ። በዚህ ብቻ ብዙዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳሉ፤ የሬሚማዞላም ፈጥኖ መልቀቅ እውነተኛ ጥቅሙ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ካልተመለሰ ፍሉማዜኒል 0.2 ሚሊ ግራም በ15 ሰከንድ ይሰጥ፤ 45 ሰከንድ ተጠብቆ ካልነቃ ያው መጠን በየደቂቃው እየተደገመ እስከ 1 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ፍሉማዜኒል ኦፒዮይድን አያረክስም፤ የዓይን ብሌን ጠብቦ ትንፋሹ በደቂቃ ጥቂት ብቻ ከሆነ ናሎክሶን በትንሽ በትንሹ ይሰጥ።

የደም ግፊት ሲወርድ እግር ከፍ ይደረግ፣ ፈሳሽ ይሰጥ፣ ኢፌድሪን ይከተል። በዴክስሜዴቶሚዲን ምክንያት የልብ ምት ሲወርድ መጀመሪያ የሚደረገው ፓምፑን መቀነስ ወይም ማቆም ነው፤ ግፊቱም አብሮ ከወረደ አትሮፒን ይጨመራል።

ወደ ቤት መሄድ

ከመጨረሻው የሬሚማዞላም መጠን በኋላ አብዛኛው ታካሚ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይነቃል። ይህ ቁጥር የሚያሳየው መንቃትን እንጂ ለመንገድ ብቁ መሆንን አይደለም። የነቃ ሰው ይናገራል፣ ይስቃል፣ የተነገረውን ግን በኋላ አያስታውሰውም፤ ስለዚህ ምክሩ ለአስታማሚው ይነገር፣ በወረቀትም ይሰጠው። ታካሚው በመነሻው ላይ የነበረውን የኦክስጅን ቁጥር ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን መያዙ፣ ሳይደገፍ መቆሙና መራመዱ፣ አለማስታወኩ፣ ውኃ መጠጣት መቻሉ ይታይ።

ፍሉማዜኒል የተሰጠው ሰው ማርከሻው ሲያልቅ እንቅልፍ ሊመለስበት ይችላል። በሬሚማዞላም ላይ ይህ ከሚዳዞላም ያነሰ ነው፤ ሆኖም ቢያንስ ሁለት ሰዓት በክትትል ሥር ይቆይ። ቤቱ ደሴ ውስጥ ሆኖ አስታማሚ ላለው ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ መሄድ ይበቃዋል። ከአማራ ሳይንት ወይም ከወሎው ቦረና የመጣ፣ ከመኪና ወርዶም ገደል ለገደል በእግሩ የሚሄድ ታካሚ ግን ማርከሻ ባይሰጠውም ከቀትር በኋላ ከተሠራለት እዚያው ይደር፤ የአልጋ እጥረት ካለ ተራው ከማለዳ እንዲሆን ቀጠሮው ከመጀመሪያው በአድራሻው ይያዝ። ለ24 ሰዓት ባጃጅም ሆነ ሌላ መኪና አይንዳ፣ ጠላና አረቄ አይጠጣ፣ ጫት አይቃም፣ ውል አይፈርም፤ የምታጠባና ትንሽ ልጅ የያዘች እናትም ሌሊቱን ልጇን ብቻዋን አቅፋ እንዳትተኛ ለአስታማሚዋ ይነገር። በሚሰጠው ወረቀት ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ጠቅላላ መጠኑ፣ የመጨረሻው መጠን የተሰጠበት ሰዓትና ማርከሻ ተሰጥቶ እንደሆነ ይጻፍ፤ ታካሚው ማታ እንቅልፉ ከብዶ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ፣ የሚቀበለው ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከእነዚህ አራት መስመሮች ነው።